ከክፍል ወደ ኢ-ለርኒንግ ማዕከል፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የመነሻ ጽሑፍ

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ዘንድሮ 9ኛ ዓመቴ ነው። ማዕረጌ ሌክቸረር ነው፤ የምሠራውም ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለፈው ወር ኃላፊዎቻችን ጠርተው የኢ-ለርኒንግ (የበይነ መረብ ትምህርት) ማዕከሉን በሙሉ ጊዜ እንድይዝ ጠየቁኝ። ሥራው ሁለት ነገር በአንድ ላይ የያዘ ነው፤ ኮርሶችን ሙድል በተባለው የበይነ መረብ ማስተማሪያ ሥርዓት ላይ ማደራጀትና መምህራንን በማስተማር ዘዴ ማገዝ። ከተቀበልኩ ክፍል መግባቴ ይቀራል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ፤ ይህ ሥራ በእኛ አገር ዕድሜ የሚሰጡት ሙያ ነው ወይስ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ የሚነሳ ወንበር?

ልቤ ለምን እንደተከፈለ ላስረዳ። በዲፓርትመንታችን 30 ዓመት ያስተማሩ መምህር አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አናሊቲካል ኬሚስትሪን እንደ እርሳቸው የሚያስተምር ሰው አላየሁም። ኮርሳቸውን ወደ ሙድል ስናወጣ ካሜራ ፊት አስቀመጥናቸው። ደብተራቸውን ገልጠው 40 ደቂቃ አነበቡ። ድምፃቸው የእርሳቸው አልነበረም፤ ለጉርድ ፎቶ እንደሚቀመጥ ሰው ደርቀው ቀሩ። ሲያበቁ ላባቸውን ጠረጉና ይህ ነገር ለእኔ አይሆንም ብለው ወጡ።

በማግሥቱ ላብራቶሪ ወሰድኳቸው። ጋሼ፣ እኔ ከክፍል የቀረሁ ተማሪ ነኝ፤ ታይትሬሽኑን ያሳዩኝ አልኳቸው። ታይትሬሽን ቀለሙ እስኪለወጥ ድረስ አንድን ፈሳሽ በሌላው ላይ በጠብታ እየጨመሩ መጠን የሚለኩበት ሙከራ ነው። ስልኬ ከሽቦ በተሠራ ማቆሚያ ላይ ሆኖ እጃቸውን ከላይ ወደ ታች ይቀርጻል። በግራ እጃቸው የቡሬቱን፣ ማለትም ጠብታው የሚወርድበትን ባለ ልክ የብርጭቆ ቱቦ፣ መክፈቻ ከኋላ አቅፈው ያዙ፤ በቀኛቸው ፍላስኩን ያዞራሉ፤ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ተነጥፏል። ሮዙ ቀለም ብልጭ ብሎ ሲጠፋ፣ ገና ነው አሉ። መጥፋቱ ሲዘገይ፣ አሁን ቀርቧል፣ ጠብታዋን ለሁለት ክፈላት አሉ። ግማሽ ጠብታ ከቡሬቱ አፍ ተንጠለጠለች፤ የፍላስኩን ግድግዳ አስነክተው ተቀበሏትና በተጣራ ውኃ አጥበው አወረዷት። ፈሳሹ ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ቀረ። ቪዲዮው በጠቅላላው 6 ደቂቃ ነው። በዚያ ሴሚስተር ጠብታ አብዝቶ ፍላስኩን የቀይ ሥር ጭማቂ አስመስሎ የሚያመጣልኝ ተማሪ ጥቂት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ገባኝ። ከመምህሩ ጎን ተቀምጦ፣ በእጁና በልምዱ ያለውን እውቀት ተማሪው በሚያየው መልክ እንዲያወጣው መርዳት ነው። ሙድሉም ካሜራውም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። የምፈራው ግን አለ፤ ረዳት ፕሮፌሰር ለመሆን የሚቆጠርልኝ የታተመ ጥናት ነው። የጋሼን ኮርስ ያደራጀሁባቸው ሁለት ወራት በየትኛውም የዕድገት ቅጽ ላይ ቦታ አላገኙም።

ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ስለረዘመ ዘግይታችሁ ለምትደርሱ መልሶቹን በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ የመጣው የመምህራንን የማስተማር ችሎታ የሚያሳድገውን ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ካስተባበሩ አንድ አንጋፋ መምህር ነው። እርስዎ እያሉ በአክብሮት ጻፉልኝ። ወጣቶቹ ባታስታውሱት፣ ፕሮግራሙ በ1996 ዓ.ም. በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ሲጀመር ዓላማው አሠልጣኙን ራሱን ወደ ተማሪነት መመለስ ነበር፤ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹም ሰፋ። እርሳቸው የጠቀሱት ጥንካሬ ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥልጠና አለመሆኑን ነው። ያው አንድ ቡድን ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ይገናኛሉ፤ አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ያያል፤ ያየውን ጽፎ ያመጣል፤ በመጨረሻም በራሱ ክፍል ላይ ተግባራዊ ምርምር ያደርጋል።

አንድ የሒሳብ መምህር ጠቅሰዋል። ባልደረባው ክፍሉን ሲታዘብ፣ በ50 ደቂቃ ውስጥ ጥያቄ የጠየቀው ከፊት ረድፍ ያሉትን ወንዶች ብቻ መሆኑን በወረቀት ላይ በነጥብ ምልክት አሳየው። መምህሩ ወረቀቱን እያየ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ ይላሉ። ለውጡ የመጣው ከዚያ ወረቀት ነው። ችግሩ የተጀመረው የምስክር ወረቀቱ ከሙያው በልጦ ሲታይ እንደሆነም አልሸሸጉም፤ ሰዎች ማኅደራቸውን ከሌላ ሰው እየገለበጡ ማስረከብ ጀመሩ። ምክራቸው እንድቀበል ነው፤ ነገር ግን ማዕከሉን የኮምፒውተር ክፍል ብቻ እንዳላደርገው።

መልስ 2

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ በትምህርት ንድፍ ባለሙያነት የምትሠራ እህታችን ናት። ረጅም ጻፈች፤ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እዚያ አገር ሥራው ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የማስተርስ ዲግሪ አለው፤ የራሱ ማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር ይቀጠርበታል። መምህራንን ለማገዝ የተቋቋመው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1962 መጀመሩንና የሙያው ሰዎች ማኅበር ደግሞ በ1976 መመሥረቱን ጠቀሰች። እኛ ጋ አዲስ የሚመስለን ነገር እዚያ ጡረታ የወጣ ትውልድ አለው።

ወዲያው ግን የሌላውን ገጽ አሳየችኝ። እርሷ የአስተዳደር ሠራተኛ እንጂ የአካዳሚክ አባል አይደለችም። ቋሚ ቅጥር ያለው ፕሮፌሰር ምክሯን አልቀበልም ቢል ምንም ማድረግ አትችልም፤ ያላት ሥልጣን እምነት ብቻ ነው። በጀት ሲቀነስ የእርሷን ዓይነት ክፍል ቀድመው ይነኩታል። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቃ መከረችኝ፤ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ኮርስ እንደያዝኩ እንድቆይ በጽሑፍ እንዳስፈርም። ክፍል መግባት የተወ አማካሪን መምህራን በሁለተኛው ዓመት መስማት ያቆማሉ ትላለች።

መልስ 3

ደመወዙ ስንት ነው ብቻ ነው የጠየቀው። የኃላፊነት አበል ከመጨመሩ በቀር ያው የሌክቸረር ደመወዝ ነው።

መልስ 4

ይህኛው አርሞኛል፤ እውነትም መታረም ነበረብኝ። በእርሱ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግ መሠረት የማስተማሪያ ጽሑፍ ማዘጋጀት ለዕድገት ነጥብ እንደሚያሰጥ ገለጸና የራሴን ተቋም ሕግ ሳላነብ መጻፌን ወቀሰ። ሄጄ አነበብኩ። የእኛም ሕግ መማሪያ መጽሐፍንና ሞጁልን ይቆጥራል። ሞጁሉ ግን በዲፓርትመንት የተገመገመና የታተመ መሆን አለበት ይላል። ሙድል ላይ ያለ ኮርስ፣ ቪዲዮ፣ የጥያቄ ባንክ የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ሁለታችንም በከፊል ትክክል ነበርን።

በዚሁ መልሱ ጨምሮ፣ ትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በሚያካሂደው የኢ-ለርኒንግ ፕሮጀክት የበይነ መረብ ማስተማር ሥልጠና መውሰዱን ነገረን። የጠቀመው ይዘቱ ብቻ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተማሪ ሆኖ የአሳይመንት ቀን አለፈበት፤ ያኔ ለራሱ ተማሪዎች የሚሰጠው መመሪያ ምን ያህል ግልጽነት እንደሚጎድለው አየ።

መልስ 5

እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። ጸሐፊው በ1997 ዓ.ም. የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ የፕላዝማ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባበት ጊዜ ነው። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ ማስቆም አይቻልም። የሒሳብ መምህራቸው ቁልፉን ከፍተው ከስክሪኑ ጎን ይቆማሉ። ስክሪኑ ጥያቄ ያወጣና ጥቂት ደቂቃ ሰጥቶ ወደ መልሱ ያልፋል። ጸሐፊው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል፤ መልሱን ሲገለብጥ ሌላ ርዕስ ተጀምሯል። መምህሩ አንድ ቀን በመሐል ለማስረዳት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ የስክሪኑ ድምፅ ዋጣቸው፤ ጠመኔውን አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ያን ጀርባ እስካሁን አልረሳውም ይላል።

ከዚህ ተነስቶ እኔንም ከሰሰኝ። ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩን በቪዲዮ ተክተው ማስወጣት እንደሚፈልጉ፣ እኔም ለዚያ መሣሪያ እንደምሆን ጻፈ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፤ የተናገረው ግን ከደረሰበት ነው። በዚህ አገር ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ የሚያወራ ሰው ሁሉ እዚያ መስኮት አጠገብ ከቆሙት መምህር መጀመር ያለበት ይመስለኛል።

መልስ 6

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ነው፤ በ5ኛው ላይ ተነሳ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባል ነበር፤ እርሱ አንተ ብሎ ጀመረ። ፕላዝማንና ሙድልን አንድ ማድረግ አለማወቅ ነው የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ፕላዝማ ከሩቅ ተዘጋጅቶ የሚወርድ ነው፤ ሙድልን ግን መምህሩ ራሱ ይሠራዋል፣ ራሱ ያቆመዋል፣ ራሱ ይለውጠዋል። አስረጂም አመጣ። ሙድልን የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ በምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ያደገ ሲሆን ትምህርቱን በልጅነቱ በራዲዮ ይከታተል ነበር። ሙድል እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ማንም በነፃ ወስዶ እንዲያሻሽለው ክፍት ተደርጎ ነው። ይህ ታሪክ ለእኔ አዲስ ነበር፤ ስለ ነገረን አመሰግነዋለሁ። 5ኛውን አላዋቂ ማለቱ ግን አላስፈለገም።

መልስ 7 እና 8

7ኛው የሥነ ትምህርት ተመራማሪ ነች። 5ኛውም 6ኛውም ስለ ዕቃው እንደሚከራከሩ ገልጻ የትምህርት ተመራማሪው ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበውን ሐሳብ አነሳች። ክላርክ የማስተማሪያ መሣሪያን ምግብ ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ጋር ያመሳስለዋል፤ የሰውን ጤና የሚለውጠው ምግቡ ነው፣ መኪናው ማድረሻ ነው። 8ኛው መላሽ ደግሞ ሌላው ተመራማሪ ሮበርት ኮዝማ ለዚህ የሰጠውን ምላሽ አስታወሰ፤ አንዳንድ መሣሪያ ሌላው የማይችለውን ነገር ያሳያል። ወደ ጋሼ ቪዲዮ መለሰንና ግማሽ ጠብታዋን 60 ተማሪ ከአንድ ቡሬት ዙሪያ ቆሞ ሊያያት እንደማይችል ጻፈ። ልክ ነው። ከኋላ የሚቆመው ተማሪ የሚያየው የፊተኛውን ትከሻ ነው።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ቴሌግራም ሄደ። 9ኛው ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ ፋይሉን ለክፍል ተወካዩ ይልካል፣ ተወካዩ ግሩፑ ላይ ይለቃል፣ አለቀ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቹን ያስጨረሰው በቴሌግራምና በኢሜይል እንደሆነ፣ ሙድሉን ያኔ ማንም እንዳልከፈተው መሰከረ።

10ኛዋ በዚሁ ሴሚስተር የተመረቀች ተማሪ ነች፤ በክሩ ውስጥ ብቸኛዋ ተማሪ። የክፍል ተወካይ እርሷ ነበረች። አራት መምህራን አራት ዓይነት ስም የሌለው ፋይል ይልኩላታል፤ የትኛው የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ሌሊት እየከፈተች ትለያለች፤ ስልኳ የተሰበረ ሳምንት ክፍሉ በሙሉ ያለ ሀንድአውት ፈተና ተቀመጠ። ስለዚህ ቴሌግራም ቀላል የሆነው ለመምህሩ ነው ትላለች፤ ሸክሙን የተሸከመችው እርሷ ናት። ይህን መልስ አትሜ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

11ኛው ስለ መብራትና ስለ ኔትወርክ ጻፈ። ተማሪው ቪዲዮውን የሚያየው በራሱ ዳታ ከሆነ የፋይሉ ክብደት የፍትሕ ጉዳይ ነው አለ። ለ6 ደቂቃ ቪዲዮ ጥራቱን ወደ 480 እንዳወርድ፣ ድምፁን ብቻ ለብቻው እንዳስቀምጥና በዶርም ኔትወርክ ላይ ቀድሞ እንዲወርድ እንዳደርግ መከረ። ሦስቱንም አድርጌያለሁ። ሌላም አስጠነቀቀኝ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሚሰጥ በእርሱ ዩኒቨርሲቲ የኢ-ለርኒንግ ማዕከሉ ሠራተኞች በፈተና ሰሞን የፈተና ክፍል ጠባቂና ጠጋኝ ይሆናሉ። ከመምህራን ጋር የያዙት ሥራ ያኔ ይቋረጣል።

መልስ 12 እና 13

የክሩ መራራ ክፍል ይህ ነው። 12ኛው መምህራን ሥልጠና የሚመጡት ለአበል ነው ብሎ በድፍኑ ጻፈ። አበል በሌለበት ቀን አዳራሹ ባዶ ነው፤ ባለበት ቀን ፈርመው ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይጠፋሉ። 13ኛው ተቆጣ። በ12 ክሬዲት ላይ የማታና የቅዳሜ ክፍል ጨምሮ የሚሠራ፣ የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ስለ አበል ቢያስብ ነውር አይደለም አለ፤ 12ኛውን መቼ ክፍል ገብተህ ታውቃለህ እስከማለት ደረሰ። 12ኛው ደግሞ የ22 ዓመት መምህር መሆኑን ገልጾ ሄደ፤ አልተመለሰም።

እኔ 13ኛውን እደግፋለሁ፤ 12ኛው ያየውንም አይቻለሁ። ከአዳራሽ ሥልጠና የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ 80 ሰው ሰብስቤ ሙድል ሳሳይ አንድም ሰው ተመልሶ አልጠየቀኝም። ጋሼ ግን ቪዲዮውን ካዩ በኋላ በራሳቸው እግር መጥተው፣ የግራቪሜትሪውን ሙከራስ መቼ እናነሳዋለን አሉኝ። አበል አልነበረም። ቢሮዬ ውስጥ የነበረው አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው።

መልስ 14

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። አጭር ጻፈች። የመነሻ ጽሑፌን እንደገና እንዳነበው ጠየቀችኝ፤ ስልኩ የቆመው ከሽቦ በተሠራ ማቆሚያ ላይ ነው ብያለሁ፤ የሠራው ማን ነው? ሪኤጀንቱን (የሙከራውን ኬሚካል) ያዘጋጀውስ፣ ነጭ ወረቀቱን ያነጠፈውስ? እዚህ የምትከራከሩበት የሙያ እርከን ቢያንስ ለመምህሩ አለው፤ ለቴክኒሻኑ በኮርሱ ገጽ ላይ ስሙ እንኳን አይወጣም አለች። ሥልጠና ሲመጣም የሚጠሩት መምህራን ናቸው፤ መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠራው ቴክኒሻኑ ነው።

መልስ 15

ይህ የእኔ ነው። ማቆሚያውን የሠራው በላብራቶሪያችን 14 ዓመት ያገለገለ ባልደረባዬ ነው። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጎናችን ቆሞ ነበር፤ መብራቱን ከመስኮት በኩል እንድናደርገው ያሰበውም እርሱ ነው፤ አለዚያ ሮዙ ቀለም በቪዲዮው ላይ አይለይም ነበር። ሳልጠቅሰው መጻፌ ስህተት ነው፤ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቅኩት። ስሙ አሁን በኮርሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከጋሼ ስም ቀጥሎ አለ።

ለኃላፊዎቹም ደብዳቤ ጻፍኩ። ሹመቱን እቀበላለሁ፤ ግን በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ እይዛለሁ፤ ቴክኒሻኑ በማዕከሉ ውስጥ ቦታ ይኖረዋል፤ በዲፓርትመንት የተገመገመ የሙድል ኮርስም እንደ ሞጁል እንዲቆጠር ጥያቄው ለሴኔት ይቀርባል። ይህን ከጻፍኩ 12 ቀን ሆኖኛል። መልሱን እየጠበቅኩ ነው።

መልስ 16

5ኛው ተመለሰ። በ6ኛው አነጋገር ቅር ቢለውም ወደ እርስዎ መልሶ ጻፈ። አሁን እርሱም የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነው፤ ይህን ቀድሞ አልነገረንም ነበር። ቪዲዮውን ለክፍሉ ለማሳየት ፈቃድ ጠየቀ፤ መሐል ላይ እያስቆመ ያሳየዋል። ጋሼን አስፈቅጄ ላክሁለት።

መልስ 17

ሐዋሳ ያለች የባዮሎጂ መምህርት የማቆሚያውን ልክ ጠየቀች፤ እንቁራሪት የመክፈት ሥራን ልትቀርጽበት ነው። ባልደረባዬን ጠይቄ የነገረኝን እነሆ። እግሩ የቡሬት ማቆሚያው ከባድ ብረት ነው። ሁለት የልብስ መስቀያ ሽቦዎች አንድ ላይ ተጠምዝዘው በክላምፕ ይታሰራሉ፤ አንድ ሽቦ ብቻ ከሆነ ስልኩን ይዞ ይጎነበሳል። ከጠረጴዛው እስከ ስልኩ 45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሽቦው ስልኩን በሚይዝበት ቦታ ላይ ጎማ ይጠቅለልበት፤ የድሮ የብስክሌት ካላማዳሪ ጥሩ ነው። ለእንቁራሪቱ ግን ዝቅ ማድረግ ሳይሻል አይቀርም ብሏል፤ መጀመሪያ በ30 ትሞክረው።